«እንዝርቱ የት ገባ?» አሮጌ ሌንስ ፈትቼ ሕልም መሰል ፎቶ ለማንሳት ያደረግሁት ሙከራ

አጎቴ በሶቪየት ኅብረት የግብርና ትምህርቱን ጨርሶ በ1973 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ይዟቸው ከመጣው ዕቃዎች አንዱ ዜኒት ካሜራ ነበር። ካሜራው የቤተሰቡን ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ለብዙ ዓመታት ሲያነሳ ከኖረ በኋላ ሸተሩ ተበላሽቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ ከፊቱ የተገጠመው ሄሊዮስ 44-2 የተባለው ሌንስ ግን ደህና ነበር። ይህን ሌንስ ከአጎቴ ተቀብዬ በዲጂታል ካሜራ ላይ ገጠምሁት፤ በኋላም ፈትቼ አንዱን መስታወት ገለበጥሁና ሕልም የሚመስሉ ፎቶዎችን ለማንሳት ሁለት ዓመት ያህል ሞከርሁ። ያገኘሁትን የምጽፈው ተመሳሳይ ዕቃ በቤታቸው ያላቸው ወይም በርካሽ ያገኙ ሰዎች እኔ የፈጀሁትን ጊዜ እንዳይፈጁ፣ በተለይም በዕቃው ላይ የማይመለስ ጉዳት እንዳያደርሱ በማሰብ ነው።

ሕልም መሰል ፎቶ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። ብዥ ያለ ፎቶ ለማግኘት ፎከሱን ማሳት ብቻ ይበቃል፤ ለዚያ ሌንስ መፍታት አያስፈልግም። ሕልም ስናይ አንድ ነገር፣ የሰው ፊት ወይም እጅ ወይም የቤት በር፣ እጅግ ጎልቶ ይታየናል፤ በዙሪያው ያለው ግን ይሟሟል፣ ዘወር ብለን ልናየው ስንሞክርም አናገኘውም። እኔ የምፈልገው ፎቶ እንደዚያው አንድ ጥርት ያለ ነገር መካከሉ ላይ ይዞ ቀሪውን በብርሃን ውስጥ የሚያሟሟ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ሌንስ ከመፍታቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው ከምስሉ የትኛው ክፍል ጠርቶ መቅረት እንዳለበት ነው። ይህን ጥያቄ ዘግይቼ ነበር የጠየቅሁት፤ እንዴት እንደደረስሁበት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሄሊዮስ 44-2 ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለው። የትኩረት ርዝመቱ (የሩቅ ነገር ብርሃን ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ እንደሚገናኝ የሚለካው) 58 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ የአፐርቸር (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) መከፈቻው ኤፍ 2 ሲሆን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)፣ በውስጡ በ4 ቡድን የተደራጁ 6 መስታወቶች አሉት። ንድፉ የተወሰደው በጀርመን የና ከተማ የሚገኘው ካርል ዛይስ የተባለው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይሠራው ከነበረው ቢዮታር 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው በሞስኮ አጠገብ ባለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካና በሌሎችም አመረቱት። ከዜኒት ካሜራ ጋር አብሮ ይሸጥ ስለነበር ብዛቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚያ ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከልም እንደ አጎቴ ይዘውት የተመለሱ አሉ። በብዙዎቹ የሶቪየት ሌንሶች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሐዞች የተመረተበትን ዓመት ያመለክታሉ፤ የአጎቴ ሌንስ በ78 ስለሚጀምር እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ነው ማለት ነው። ብዛቱ ለሙከራ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። ቢዮታሩን ራሱን ያገኘ ሰው ግን እባካችሁ አይፍታው፤ የዚያ ቁጥሩ ጥቂት ነው።

ይህ ሌንስ ሳይፈታም የራሱ ጠባይ አለው። ከሚነሳው ሰው ጀርባ ቅጠላ ቅጠል ካለና በቅጠሉ መካከል ሰማይ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ የብርሃኑ ነጠብጣቦች በፎቶው መሐል ክብ ሆነው ይታያሉ፤ ወደ ዳር በሄዱ ቁጥር ግን እየጠበቡ የሎሚ ወይም የዓይን ቅርጽ ይይዛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከጎን አግድም የሚገባው ብርሃን በሌንሱ የፊትና የኋላ ጠርዝ ስለሚቆረጥ በአፐርቸሩ ሙሉ ክብ ውስጥ ማለፍ አይችልም። የተቆረጡት ነጠብጣቦች ሁሉ ረጅም ጎናቸውን በመካከሉ ዙሪያ ስለሚያዞሩ የፎቶው ጀርባ እንደ አዙሪት የሚሽከረከር ይመስላል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ወይም ኤፍ 5.6 ስንዘጋው መቆረጡ ስለሚቀር ሽክርክሪቱም ይጠፋል። የሴንሰር (በዲጂታል ካሜራ ውስጥ በፊልም ፋንታ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) መጠንም ለውጥ ያመጣል፤ ሽክርክሪቱ በዳር ስለሆነ ሙሉ ፍሬም ያለው፣ ማለትም ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ ካሜራ በደንብ ያሳየዋል፣ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ግን መሐሉን ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ አብዛኛውን ይጥለዋል።

ስለ መግጠሚያው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ ኤም 42 የሚባል፣ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ በጥርስ የሚጠመዘዝ መግጠሚያ ያለው ሲሆን፣ ከመግጠሚያው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀት እንዲኖር ሆኖ የተሰላ ነው። ይህ ርቀት በሶኒ ሚረርለስ (በውስጣቸው መስተዋት የሌላቸው) ካሜራዎች 18 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. (ፎቶ ሲነሳ ከፍ የሚል መስተዋት ባላቸው ካሜራዎች) 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱን የሚሞላ ቀለል ያለ የብረት አዳፕተር ይበቃል። በኒኮን ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ግን ርቀቱ 46.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ከሴንሰሩ ይርቃል፤ በዚህ ምክንያት ከጥቂት ሜትር በላይ ያለ ነገር ፈጽሞ አይጠራም። እኔ ራሴ መጀመሪያ የሞከርሁት በተዋስሁት ኒኮን ላይ ነበር፤ ሻጩ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሸጠልኝ አዳፕተር ፊትን ከቅርብ ከማንሳት በቀር ለሌላ አልሆነኝም። ለዚሁ ሲባል በውስጡ ተጨማሪ መስታወት ያለው አዳፕተር ይሸጣል፣ ሆኖም ርካሹ ጥራትን ይቀንሳል። በአንዳንድ ሙሉ ፍሬም ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካሜራዎች ደግሞ መስተዋቱ ሲነሳ የሌንሱን የኋላ ጫፍ ሊነካ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በጥንቃቄ ማየት ይገባል። በካሜራው ማውጫ ውስጥ ሌንስ ሳይታወቀው እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ምርጫ ማብራትም አትርሱ፤ ካሜራው ይህን ሌንስ አያውቀውም።

አሁን ወደ መፍታቱ ልግባ። ሐሳቡ የፊተኛውን መስታወት አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ መግጠም ነው። ሌላ ምንም አይቆረጥም፣ አይፋቅም፤ በማናቸውም ጊዜ ወደ ነበረበት መመለስ ስለሚቻል ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ ትሪ አስቀምጬ ነጭ ፎጣ አነጠፍሁበት፤ ትንሽ ነገር ሲወድቅ ፎጣው ይይዘዋል፣ ትሪውም እንዳይንከባለል ያግደዋል። በሌንሱ ፊት ስሙ የተጻፈበት ቀጭን ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት የመፍቻ ቀዳዳ የለውም፣ የሚፈታው በጎማ ሰበቃ ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ ክብ ቁራጭ ቆርጬ፣ ስፋቱ ከቀለበቱ ጋር በሚመጣጠን የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ላይ ወጥሬ፣ ቀጥ አድርጌ ተጭኜ ወደ ግራ ሳዞረው በሦስተኛው ሙከራ ተላቀቀ። አርባ ዓመት ያልተነካ ግራሶና አቧራ ስለሚይዘው መጀመሪያ ላይ እንቢ ቢል አትደናገጡ፤ በፒንሳ ግን በፍጹም አትሞክሩት።

ከስሙ ቀለበት ሥር መስታወቱን የያዘ ሌላ ቀለበት አለ፤ ትይዩ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች አሉበት። ለዚህ የተሠራ ባለ ሁለት ጫፍ የሌንስ መፍቻ አለ፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። እኔ መፍቻው እስኪደርስልኝ አልታገሥሁም። የመቀስ ሁለት ጫፎች በስንጥቆቹ ውስጥ ከትቼ ሳዞር አንዱ ጫፍ ወጥቶ በመስታወቱ ላይ ተንሸራተተ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል፣ ፀጉር የመሰለ ጭረት አስቀረ። ጭረቱ በአብዛኛው ፎቶ ላይ አይታይም፣ ፀሐይ በቀጥታ ፊት ለፊት ስትሆን ግን ቀጭን የብርሃን ጅራት ይፈጥራል። የአጎቴ ዕቃ ስለነበረ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። መፍቻውን ጠብቁ፤ ከጠፋም ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ የሚስተካከል ነገር ስለማይጠፋ ጠይቁ።

ቀለበቱ ከወጣ በኋላ ሌንሱን በፎጣው ላይ ቀስ አድርጌ ስደፋው መስታወቱ በመዳፌ ላይ ወደቀ። ከመጠኑ ይልቅ ክብደቱ ያስገርማል። ጠርዙ ዙሪያውን ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው፣ ይኸውም ብርሃን ከጎን እንዳያንጸባርቅ ነው። በዚያ ጥቁር ቀለም ላይ በነጭ እርሳስ ትንሽ ነጥብ ወደ ውጭ በሚያየው በኩል አደረግሁበት፤ ይህ ነጥብ በኋላ ስንመልሰው የትኛው ጎን የት እንደነበረ ይነግረናል። ነጥቡን ለማድረግ የረሳ ሰው መስታወቱን በለስላሳ ወረቀት ላይ ያስቀምጠው፤ ወደ ውጭ የሚያብጠው ጎን ወደ ታች ከሆነ መሐሉ ላይ ቆሞ ይወዛወዛል፣ ጎድጎድ ያለው ጎን ወደ ታች ከሆነ ግን በጠርዙ ረግቶ ይቀመጣል። በፋብሪካ አሠራር ያበጠው ጎን ወደ ውጭ ነው። እኔ ጎድጎዳውን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ትንፋሽ ሰጥቼ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ጠርጌ መልሼ ከተትሁት። የተገለበጠ መስታወት በቦታው ላይ እንደ ድሮው ስለማይቀመጥ ያዢው ቀለበት ሲጠብቅ ሊንቀጫቀጭ ይችላል፤ ከጥቁር ወረቀት የተቆረጠች ቀጭን ቀለበት በመካከል ብትገባ ይረጋል። አጥብቆ ማሰር ግን ጠርዙን ሊሸርፍ ስለሚችል ጣት እንቢ ሲል ማቆም ይገባል።

ምን ተለወጠ ብትሉ፣ የሌንሱ ንድፍ አውጪ የእያንዳንዱን መስታወት ጉብጠት ያሰላው በመሐል የሚገባውም በዳር የሚገባውም ብርሃን በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንዲገናኝ ነው። የፊተኛው ሲገለበጥ ይህ ስሌት ይፈርሳል። በሌንሱ መካከለኛ መስመር አጠገብ የሚያልፈው ብርሃን ብዙም ስለማይጎዳ የፎቶው መሐል እንደጠራ ይቀራል፤ ከጎን የሚመጣው ግን በአንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ ስለማይችል ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይሳባል፣ ይዘረጋል፣ ይቀልጣል። በደማቅ ነገሮች ዙሪያም ለስላሳ ወጋገን ይፈጠራል። በሌንሱ ላይ የተጻፉት የርቀት ቁጥሮችም በእኔ ሌንስ ላይ እውነት መሆናቸው ቀረ፤ ፎከስን በቁጥር ሳይሆን በስክሪን አጉልቶ በዓይን ማረም ግድ ነው።

የመጀመሪያውን ከባድ ሙከራ ያደረግሁት በአጎቴ ባለቤት ላይ ነው። እትዬ ከሰዓት በኋላ በራፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ፀሐይ ከግቢው በስተ ምዕራብ ዘንበል ስትል ብርሃኑ ከኋላቸው ይመጣና ነጠላቸውን ያበራዋል። «እትዬ፣ እንደተቀመጡ ይሁኑ፤ እኔን አይዩኝ» ብዬ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሃያ ያህል አነሳሁ። ፊታቸውን መሐል ላይ አድርጌ ነበር። በስክሪኑ ላይ ሳየው እጅግ ደስ አለኝ፤ ነጠላው እንደ ጭጋግ ሆኗል፣ የግቢው ጽድ ዙሪያውን ይዞራል። ታትሞ ሲመጣ ይዤላቸው ሄድሁ። ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ልጄ፣ ፊቴ ታየ፣ ደግ። እንዝርቱ የት ገባ?» አሉኝ።

እውነትም እንዝርቱ የለም። ቀኝ እጃቸው ወደ ታች ተዘርግቶ በፎቶው ታችኛ ዳር ላይ ስለነበር፣ ከእንዝርቱ ጋር ወደ ነጭ ሰንበር ተለውጧል። ሲፈትሉ ያነሳኋቸው ሴት በፎቶው ላይ ምንም የማይሠሩ ሆነው ቀርተዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ፣ ዝቅ ብዬ፣ እንዝርቱን የያዙትን እጅ በትክክል መሐል ላይ አድርጌ አነሳሁ። በዚህ ጊዜ የአውራ ጣታቸው ጥፍርና በእንዝርቱ ላይ የተጠመጠመው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከጥጡ ወደ ላይ የሚወጣው ክር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ጠርቶ ይሄድና ቀስ በቀስ ብርሃን ይሆናል፤ ፊታቸው ከላይ የሚታወቅ፣ ግን የቀለጠ ነው። እሳቸውም «አሁን ሥራዬ ታየ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተገለበጠ ሌንስ ይዤ ስወጣ መጀመሪያ የምመርጠው መሐል የሚውለውን ነገር ነው፣ ጀርባውንና ብርሃኑን ከዚያ በኋላ እፈልጋለሁ። የተለመደው ምክር ዋናውን ነገር ከመሐል ፈቀቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ በዚህ ሌንስ ግን ከመሐል የራቀ ነገር አይተርፍም። ፈቀቅ ብሎ እንዲታይ የፈለግሁት ከሆነ መሐል አንስቼ በኋላ አንዱን ዳር እቆርጣለሁ።

አፐርቸርን በተመለከተ፣ በኤፍ 2 መሐሉም ወጋገን ስላለው ለፊት ያምራል እንጂ ለእጅና ለጨርቅ ዝርዝር ይበዛል። በኤፍ 2.8 መሐሉ ይሰበሰባል፣ ዳሩ ግን እንደቀለጠ ይቆያል፤ አብዛኛዎቹ የወደድኋቸው ፎቶዎች በዚህ የተነሱ ናቸው። ከኤፍ 5.6 በላይ ሲዘጋ ወጋገኑ ጠፍቶ ዳሩ ላይ የሚቀረው ተራ ጥራት ማጣት ይመስላል፣ ስለዚህ አልጠቀምበትም። ሄሊዮስ 44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበቶች አሉት፤ አንደኛው የሚፈለገውን ቁጥር አስቀድሞ ይወስናል፣ ሁለተኛው እስከዚያ ድረስ ይከፍታል ይዘጋል። ስለዚህ ዓይንን ከካሜራው ሳያነሱ ከፍቶ ፎከስ አድርጎ፣ መልሶ ዘግቶ ማንሳት ይቻላል፤ ጣት ይህን ለመልመድ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም።

ብርሃን ሌንሱን የሚያክል ድርሻ አለው። ሰማዩ ዳመና በሆነበት የክረምት ቀን ያነሳኋቸው ሁሉ የቆሸሸ መስታወት ያነሳቸው ነው የሚመስሉት፤ ወጋገን የሚፈጠረው ደማቅና ጨለማ ጎን ለጎን ሲሆን ብቻ ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከሚነሳው ሰው ጀርባ በጎን በኩል ስትሆን ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል የጠዋት ብርሃን በቅጠል ተወንፍቶ ሲወርድ ሽክርክሪቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ሰውየው ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር፣ ዛፎቹ ደግሞ ከእሱ ቢያንስ አምስት ሜትር ርቀው ቢሆኑ ይመረጣል። በመስከረም አደይ አበባ መካከል ተንበርክኬ አንዷን አበባ መሐል ሳደርግ፣ የቀሩት ወደ ቢጫ ክቦችነት ተለውጠው በዙሪያዋ ይቆማሉ። ነጭ ነጠላና ጋቢ ለዚህ ሌንስ የተፈጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሆኖም ነጩ በቀላሉ ስለሚቃጠል ካሜራው ከሚለው ከአንድ ሦስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ዝቅ አድርጌ አነሳለሁ። ፎቶውን በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ማንሳትም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከሌንሱ የሚወጣው ምስል ፈዛዛ ስለሆነ ጥቁሩን በኋላ ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል። ጥቂት ነው ያልሁት፤ ንፅፅሩን አብዝቶ የመለሰ ሰው ወጋገኑንም ያጠፋዋል።

ከሄሊዮሱ ቀጥሎ የሞከርሁት እጅግ ርካሽ የሆነውን፣ አንድ ነጠላ መስታወት ነው። በፎቶግራፍ የመጀመሪያ ዘመን ብዙ ካሜራዎች ከዚህ ያልራቀ ቀላል ሌንስ ነበራቸው፤ እንግሊዛዊው ዎላስተን ጎድጎድና ጉብ ያለውን ነጠላ መስታወት ለምስል ማሳያ ሣጥን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1812 ፎቶግራፍ ራሱ ከመምጣቱ በፊት ነበር። እኔ የተጠቀምሁት የንባብ ማጉያ መስታወት ነው። የትኩረት ርዝመቱን ለማወቅ በመስኮት ፊት ለፊት ባለ ግድግዳ ላይ ወረቀት ይዤ የሩቁን ዛፍ ምስል እስኪጠራ አቀራርቤ በማስመሪያ ስለካው 100 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ። የካሜራዬ ሴንሰር ከመግጠሚያው 18 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሩቅ ያለው እንዲጠራ መስታወቱ ከመግጠሚያው 82 ሚሊ ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ሜትር ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከዚያ ላይ 11 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚንሸራተቱ ሁለት የካርቶን ቱቦዎች አዘጋጅቼ፣ ውስጣቸውን በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ በተበሳ የካሜራ ክዳን ላይ በማስቲሽ አጣበቅሁ። የካርቶን ብናኝ ሴንሰር ላይ እንዳያርፍ ቱቦው በደንብ ቀለም የጠጣና የደረቀ መሆን አለበት፤ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በፊትም በጎማ መንፊያ ይነፋ።

በባዶው ማጉያ ያነሳሁት ሁሉ ብዥታ ብቻ ሆነ። በዳሩ የሚያልፈው ብርሃን ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚገናኝ፣ ሰማያዊውም ከቀዩ ቀድሞ ስለሚገናኝ፣ የጠራ ነገር የትም አይገኝም። መፍትሔውን ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ የጀርመን ሌንስ አሠራር ነው። ሮደንሽቶክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ ያዋለው ኢማጎን የተባለው ሌንስ፣ ከተራ አፐርቸር ይልቅ እንደ ወንፊት የተበሱ ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ በሐሳቡ ላይ የሠራው ሃይንሪኽ ኩን ለስላሳ ምስል በማንሳት የታወቀ ፎቶ አንሺ ነበር። የመሐሉ ትልቅ ቀዳዳ ጥርት ያለውን ምስል ይሰጣል፤ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ቀዳዶች የዳሩን ብርሃን በመጠኑ አስገብተው በዚያ በጠራው ምስል ላይ ለስላሳ ሌላ ምስል ያነጥፋሉ። ከጥቁር ካርቶን መሐሉ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቆረጥሁ፣ ይህም ለ100 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ያህል ነው፤ በዙሪያው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሥራ ሁለት ቀዳዶች በሣሁ። ለውጡ ወዲያው ታየ። የዓይን ሽፋሽፍት ይለያል፣ በቆዳው ላይ ግን ብርሃኑ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። አሥራ ሁለቱን ቀዳዶች በጥቁር ቴፕ እየደፈንሁና እየከፈትሁ የልስላሴውን መጠን መቆጣጠር ቻልሁ። ይኸው ሰሌዳ ባልተፈታ ሄሊዮስ ላይ ልስላሴ አያመጣም፤ የዳሩ ብርሃን እዚያ አስቀድሞ የታረመ ስለሆነ፣ የሚለወጠው የጀርባው የብርሃን ነጠብጣብ ቅርጽ ብቻ ነው። ከነጠላ መስታወት የሚወጣው ሰማያዊ ጭጋግ የማያስደስተው ሰው ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠው፤ እኔ የቀለሙን የምይዘው ለንጋት ሰዓት ብቻ ነው።

ስለ ደኅንነት ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውንም አሮጌ መስታወት አትፈግፍጉ፣ አታሹትም። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ከተሠሩት ሌንሶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4፣ ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በመስታወታቸው ውስጥ አላቸው፤ መጠቀሙ ሌላ ነው፣ ብናኙን መተንፈስ ግን አደገኛ ነው። መስታወቱ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ የሄደ ሌንስ ካጋጠማችሁ ሳትፈቱት ተጠቀሙበት። ሁለተኛው ፀሐይ ነው፤ ካሜራውን አፉን ወደ ፀሐይ አድርጎ ያለ ክዳን ማስቀመጥ የሚረርለስ ሴንሰርን ሊያቃጥል ይችላል፣ በዲ.ኤስ.ኤል.አር. የዓይን መመልከቻ ፀሐይን ማየት ደግሞ ዓይንን ይጎዳል። ሦስተኛው ሻጋታ ነው። በክረምት በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቅላል። ከመግዛታችሁ በፊት አፐርቸሩን ሙሉ ከፍታችሁ በስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብሩበት፤ ድር የሚመስል ካያችሁ ከሌሎች ሌንሶቻችሁ ጋር አታስቀምጡት።

ዛሬ ሁለት ሄሊዮሶች አሉኝ። የአጎቴን መስታወት በነጭ እርሳስ ያደረግሁበትን ነጥብ ተከትዬ ወደ ነበረበት መለስሁት፤ በትክክለኛው መፍቻ ሥራው አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ወሰደ፣ የቀደመው ጥራቱም ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። አሁን መስታወቱ የተገለበጠው በኋላ የገዛሁት ሌላው ሌንስ ነው፤ እንዳይምታቱብኝ በዚያኛው ክዳን ላይ በእትዬ ፈትል አንድ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።